ቀመር በፒዲኤፍ ሲወጣ እንዳይደበዝዝ

10 ላይ በትንሹ የተጻፈች −3ን አስቡ። የመቀነስ ምልክቷ ገጹ ላይ ከጠፋች አንባቢው የሚያነበው 10 ኪዩብ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሚሊዮን እጥፍ ነው። ኤክስ አናት ላይ ያለችው አግድም መስመር ከፊደሉ ጋር ከተጣበቀች የናሙናው አማካይ ተራ ተለዋዋጭ ሆኖ ይነበባል። ከሲግማ ሥር ያለችው «አይ» ነጥቧ ከጠፋ 1 ትመስላለች። ተራ ጽሑፍ ቢደበዝዝ አንባቢ ከዐረፍተ ነገሩ ሐሳብ ተነስቶ ይሞላዋል። ቀመርን ግን ማንም ገምቶ ሊሞላው አይችልም፤ ከሞላውም ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ሞጁል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የላቦራቶሪ መመሪያ ወይም የምህንድስና ሪፖርት የሚያዘጋጅ ሰው ለዚህ ነገር ጊዜ ቢሰጠው የሚገባ ነው።

በመጀመሪያ ፒዲኤፉ ቀመሩን በምን መልክ እንደያዘው ለዩ። ፋይሉን ክፈቱና እስከ 800 በመቶ አጉሉት። የፊደሎቹ ጠርዝ እንደጠራ ከቀጠለ ቀመሩ በፎንት ወይም በቬክተር መስመር የተጻፈ ነው። ጠርዙ ደረጃ ደረጃ ከሆነ ወይም ግራጫ ጭጋግ ከከበበው ምስል ነው። በማውዝ ጎትቶ መሞከርም ይረዳል፤ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ከተመረጡ ጽሑፍ ናቸው። ካልተመረጡ ግን ምስል ነው ብላችሁ አትደምድሙ፤ ወደ ቅርጽ የተለወጠ ቬክተርም አይመረጥም። ወሳኙ ማጉላቱ ነው።

በፎንትና በቬክተር የእያንዳንዱ ፊደል ኩርባ በሂሳብ ተገልጾ ስለሚቀመጥ ስክሪኑም ፕሪንተሩም በየራሱ አቅም እንደ አዲስ ይስለዋል። ምስል ግን የያዘውን ፒክስል ይዞ ይመጣል፤ ከዚያ በላይ ዝርዝር ከየትም አይገኝም። ስለዚህ መተየብ የሚቻል ቀመር ምስል መሆን የለበትም ብዬ አምናለሁ። ከታች ስለ ምስል ብዙ የምለው መተየብ የማይቻልበት ሁኔታ በእርግጥ ስላለ ነው።

ሂሳቡ

ሰውነቱ በ12 ፖይንት የተጻፈ ሰነድ እንውሰድ። በላቴክ (ሰነድና ቀመር በትዕዛዝ እየተጻፈ የሚዘጋጅበት ሶፍትዌር) ልማድ የግርጌና የራስጌ ምልክቶች ወደ 8 ፖይንት፣ የግርጌው ግርጌ ደግሞ ወደ 6 ፖይንት ይወርዳሉ። የክፍልፋይ መስመር ውፍረት 0.4 ፖይንት ነው። አሁን ይህን ቀመር ስክሪን ላይ በ100 በመቶ እያየን ስክሪንሾት አነሳነው እንበል። በተለመደው 96 ፒክስል በኢንች ስሌት የክፍልፋዩ መስመር ውፍረት ግማሽ ፒክስል ገደማ ይሆናል። ግማሽ ፒክስል የሚባል ነገር ስለሌለ ሶፍትዌሩ አንድ ሙሉ ፒክስል በግራጫ ይቀባል። የ6 ፖይንቷ ትንሽ ፊደል ቁመቷ 3 ፒክስል ከምናምን ነው። በ3 ፒክስል ቁመት «አይ»ን ከ«ጄ» መለየት አይቻልም።

በ300 ፒክስል በኢንች የክፍልፋዩ መስመር ወደ 1.7 ፒክስል፣ ትንሿ ፊደል ወደ 11 ፒክስል ይደርሳሉ፤ ይነበባል፣ ግን መስመሩ አንዳንድ ቦታ አንድ፣ አንዳንድ ቦታ ሁለት ፒክስል እየሆነ ይወላገዳል። በ600 መስመሩ ከ3 ፒክስል ያልፋል፣ ፊደሏ ከ20። ለፎቶግራፍ 300 በቂ ነው የሚለው ምክር ለቀመር የማይሠራው ለዚህ ነው። ፎቶ ውስጥ ቀለም ቀስ እያለ ይለወጣል፤ ቀመር ውስጥ ግን ጥቁርና ነጭ በአንድ ጊዜ ይገናኛሉ፣ ዓይን ደግሞ ያንን ድንበር አጥብቆ ይከታተላል።

የሚያስፈልገውን ፒክስል ለማግኘት ገጹ ላይ የሚይዘውን ስፋት በሴንቲሜትር ለኩ፣ ለ2.54 አካፍሉ፣ በምትፈልጉት ጥራት አባዙ። 8 ሴንቲሜትር ለሚሰፋ ቀመር በ300 የሚያስፈልገው 945 ፒክስል፣ በ600 ደግሞ 1890 ነው። በ96 የተነሳው ስክሪንሾት የያዘው 302 ብቻ ነው። ፋይሉ ውስጥ «600 ዲፒአይ» (ነጥብ በኢንች) ብሎ ቁጥር መቀየር ምንም አይጨምርም፤ ዋጋ ያለው የፒክስሉ ብዛትና ገጹ ላይ የተዘረጋበት ስፋት ነው። ለ8 ሴንቲሜትር በ300 የተሠራ ምስል ወደ 16 ቢሳብ 150 ሆነ ማለት ነው።

ዎርድ ላይ

ከ2007ቱ እትም ጀምሮ ዎርድ የራሱ የቀመር መጻፊያ አለው። አልትና የእኩል ምልክትን አንድ ላይ መጫን ሳጥኑን ይከፍተዋል። እዚያ የተጻፈ ቀመር ካምብሪያ ማዝ በሚባለው ፎንት ስለሚቀመጥ ወደ ፒዲኤፍ ሲሄድ ጽሑፍ እንደሆነ ይቀጥላል። ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ የፋይሉ ዓይነት ነው። ሰነዱን በድሮው የ97–2003 ዓይነት ሴቭ ካደረጋችሁት ዎርድ ቀመሮቹን ወደ ምስል ይለውጣቸዋል። «ኮምፒውተሬ ያረጀ ስለሆነ በድሮው ላክልኝ» የሚል መምህር ወይም የሥራ ባልደረባ ካለ ፒዲኤፍ ላኩለት፤ ዋናው የዎርድ ፋይል በአዲሱ ዓይነት ይቆይ።

ኢኩዌዥን ኤዲተር 3.0 የሚባለው አሮጌ መሣሪያ በጸጥታ ቀዳዳ ምክንያት በጥር 2018 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በወጣ ዝማኔ ከኦፊስ ተነስቷል። በእርሱ የተጻፉ ቀመሮች ይታያሉ እንጂ በዎርድ አይታረሙም። ከድሮ ሞጁል የሚቀዱ ቀመሮችን ማዝታይፕ በሚባለው የቀመር መጻፊያ ሶፍትዌር ከፍቶ መለወጥ ይቻላል፤ ጥቂት ከሆኑ ግን እንደገና መተየቡ ይቀላል፣ ንጹሕም ይሆናል።

ቀመር ውስጥ አማርኛ ሲገባ ነገሩ ይከብዳል። «ፍጥነት እኩል ነው ርቀት ሲካፈል ለጊዜ» ብሎ በክፍልፋይ መልክ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ካምብሪያ ማዝ የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ሌላ ፎንት እየገባበት መጠኑ ሲዛነፍ ያይና ተስፋ ቆርጦ ስክሪንሾት ይለጥፋል። መፍትሔው ቃሉን መርጦ በቀመሩ ሪባን ላይ «ኖርማል ቴክስት» የሚለውን መጫን፣ ከዚያ ፎንቱን ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል ማድረግ ነው። መጠኑን በአንድ ፖይንት ዝቅ ወይም ከፍ አድርጋችሁ ከላቲኑ ፊደል ጋር አስተካክሉት።

ወደ ፒዲኤፍ ስትቀይሩ «ሴቭ አዝ» ውስጥ ፒዲኤፍ ከመረጣችሁ በኋላ «ስታንዳርድ» የሚለውን ያዙ፤ «ሚኒመም ሳይዝ» ምስሎችን ያወርዳል። እዚያው «ኦፕሽንስ» ውስጥ ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ ማስገባት ካልተቻለ ጽሑፉን ቢትማፕ (የፒክስል ምስል) አድርግ የሚል ሳጥን አለ። ፈቃዱ መክተትን የሚከለክል ፎንት ከተጠቀማችሁና ይህ ሳጥን ምልክት ካለበት፣ በጥንቃቄ የተየባችሁት ጽሑፍ ፒዲኤፉ ላይ ምስል ሆኖ ይወጣል። ሳጥኑን ከማጥፋት ይልቅ ፎንቱን መቀየር ይሻላል፤ ያልተከተተ ፎንት ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ በሌላ ፎንት ይተካል፣ ቀመር ውስጥ ደግሞ የተተካ ምልክት ባዶ ሳጥን ሊሆን ይችላል።

ምስል ማስገባት ግድ ከሆነ ከማስገባታችሁ በፊት ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ብላችሁ «ኢሜጅ ሳይዝ ኤንድ ኳሊቲ» ከሚለው ሥር ምስል አትጨምቅ የሚለውን ምልክት አድርጉ። በብዙ እትሞች ነባሪው ጥራት 220 ነው፣ በአዳዲሶቹ «ሃይ ፊደሊቲ» የሚል ምርጫ አለ። ማስተካከያው ለአንድ ፋይል ብቻ ስለሚሠራ አዲስ ሰነድ ሲከፈት እንደገና ይታይ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ አንዴ ሴቭ ተደርጎ ወደ 220 የወረደ ምስል ማስተካከያው በኋላ ቢቀየርም አይመለስም። ሊብሬኦፊስ ላይ ደግሞ ፒዲኤፍ ሲወጣ ነባሪው በ90 በመቶ ጄፔግ ማድረግና ወደ 300 ማውረድ ነው። «ሎስለስ ኮምፕሬሽን»ን ምረጡ፣ ጥራት መቀነሻውንም አጥፉ።

ላቴክ ላይ

ላቴክ ቀመርን ሁልጊዜ በፎንት ስለሚጽፍ ችግር የለበትም ይባላል። አንድ ቦታ ግን ይስታል። ቲ1 የሚባለው የፊደል አደራደር (ኢንኮዲንግ) ተጠርቶ ሲኤም-ሱፐር የሚባለው የፎንት ጥቅል ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ፣ ፒዲኤፍ የሚያወጣው የላቴክ ፕሮግራም፣ ፒዲኤፍላቴክ፣ ፊደሎቹን በ600 ነጥብ በኢንች ቢትማፕ አድርጎ፣ ታይፕ 3 በሚባለው የፎንት ዓይነት ያስገባቸዋል። ወረቀት ላይ ደህና ይመስላል፣ ስክሪን ላይ ሲጎላ ግን ቀጫጭንና የተቦጫጨቀ ይሆናል። ሲኤም-ሱፐርን መጫን ወይም ላቲን ሞደርን ፎንትን መጥራት ነገሩን ይፈታዋል።

አማርኛ ለሚጽፍ ዚላቴክ ወይም ሉዋላቴክ የሚባሉት የላቴክ ፕሮግራሞች ይሻላሉ። ፎንትስፔክ በሚባለው ጥቅል አማካይነት ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ለጽሑፉ፣ ዩኒኮድ-ማዝ በሚባለው ጥቅል አማካይነት ስቲክስ ቱ ማዝን ወይም ላቲን ሞደርን ማዝን ለቀመሩ መመደብ ይቻላል። ቀመር ውስጥ የሚገባ አማርኛ ቃል በ«ቴክስት» ትዕዛዝ ውስጥ ይሁን፤ ካልሆነ የሂሳብ ፎንቱ የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ቃሉ ከገጹ ይጠፋል።

ግራፍ ላይ ያሉ ቀመሮችም ይረሳሉ። በፓይተን ግራፍ የሚሠራበት ማትፕሎትሊብ በነባሪ ፒኤንጂ ሲያወጣ በ100 ነጥብ በኢንች ነው፤ 6.4 በ4.8 ኢንች የሆነው ነባሪ ሥዕል 640 በ480 ፒክስል ብቻ ይሆናል። የዘንጎቹ መለያና በግራፉ ውስጥ ያለው ቀመር እዚያው ይሞታሉ። በፒዲኤፍ አውጡት፣ የፎንት ዓይነቱንም ከነባሪው 3 ወደ 42 ቀይሩት፤ የማትፕሎትሊብ ታይፕ 3 ቬክተር ስለሆነ አይደበዝዝም፣ ነገር ግን ታይፕ 3 ያለበትን ፋይል የማይቀበሉ ጆርናሎች አሉ። ማትላብ ላይ «ኤክስፖርትግራፊክስ» የይዘቱን ዓይነት ቬክተር አድርጎ ማውጣት ይችላል።

የላቴክ ቀመር ወደ ዎርድ መውሰድ ለሚፈልግ፣ «ስታንድአሎን» በሚባለው የሰነድ ክፍል ቀመሩን ብቻ የያዘች ትንሽ ፒዲኤፍ ይሥራ። ኢንክስኬፕ በሚባለው የቬክተር ሥዕል ሶፍትዌር ይክፈታትና በኤስቪጂ ወይም በኢኤምኤፍ፣ ማለትም በቬክተር ፋይል ዓይነት፣ ያውጣት። መጀመሪያውኑ የሰነዱን የፊደል መጠን ይዛ ከተሠራች ዎርድ ውስጥ በ100 በመቶ ትገባለች፤ በእጅ ከተሳበች ግን የቀመሩ ኤክስ ከጽሑፉ ኤክስ ይተልቃል። በመስመር መካከል የምትገባ ከሆነ ወደ ላይ ተንጠልጥላ ትታያለች። ምስሉን መርጣችሁ በፎንት መስኮት «አድቫንስድ» ውስጥ «ፖዚሽን» የሚለውን «ሎወርድ» አድርጋችሁ 2 ወይም 3 ፖይንት አውርዷት።

ምስል መሆኑ ካልቀረ

የድሮ መጽሐፍ ገጽ፣ በእጅ የተጻፈ መፍትሔ፣ ምንጩ የጠፋ ሰነድ፣ እነዚህ ምስል ከመሆን አያመልጡም። ከፒዲኤፍ የሚነሳ ስክሪንሾት ከሆነ መጀመሪያ ገጹን አጉሉ፣ ከዚያ አንሱ። በ600 በመቶ የተነሳ ስክሪንሾት በ96 ስሌት 576 ነጥብ በኢንች ይሰጣል፤ 8 ሴንቲሜትር የሆነ ቀመር ደግሞ 1814 ፒክስል ስለሚሆን 1920 በሚሰፋ ስክሪን ላይ ልክክ ይላል። ይህ የሚጠቅመው የምንጩ ቀመር ራሱ ጽሑፍ ወይም ቬክተር ከሆነ ነው።

በጄፔግ አታስቀምጡ። ጄፔግ ምስሉን በ8 በ8 ፒክስል ሳጥኖች ከፋፍሎ እያንዳንዱን በሞገዶች ድምር ይገልጸዋል፣ ከዚያ ፈጣን ለውጥ የያዙትን ሞገዶች ይቀንሳል። የፊደል ጠርዝ የሚገኘው እዚያው ፈጣን ለውጥ ውስጥ ነው። በፊደሎቹ ዙሪያ የሚታየው የትንኝ መንጋ የመሰለ ነጠብጣብ ከዚህ የመጣ ነው። ፒኤንጂ ምንም አይጥልም፣ ሆኖም ጄፔግ የነበረን ምስል ወደ ፒኤንጂ መቀየር ነጠብጣቡን አብሮ ማስቀመጥ ነው። ዳራ አልባ የሆነ ፒኤንጂም ነጭ ዳራ ላይ ይለጠፍ፤ ፒዲኤፍ/ኤ-1 የሚባለው የማኅደር ደረጃ ግልጽነትን አይፈቅድም፣ አንዳንድ አሮጌ ፕሪንተሮችም እንዲህ ያለ ገጽ ሲመጣባቸው ከጽሑፉ ጋር ጨፍልቀው ምስል ያደርጉታል።

ለጥቁርና ነጭ ቀመር ከሁሉ የምመርጠው ባለ 1 ቢት ምስል በ600፣ ፊደሉ ጥቃቅን ከሆነ በ1200 ነው። ባለ 1 ቢት ማለት እያንዳንዱ ፒክስል ጥቁር ወይም ነጭ ብቻ ሲሆን ነው። ምክንያቱ የሌዘር ፕሪንተር አሠራር ውስጥ አለ። ሌዘር ፕሪንተር ግራጫ ቀለም የለውም፤ ግራጫን የሚያሳየው ጥቁር ነጥቦችን በመበተን ነው። ስክሪን ላይ ጠርዝን የሚያለሰልሱት ግራጫ ፒክስሎች ወረቀት ላይ የተበተነ ነጥብ ይሆኑና ፊደሉ ጸጉራም ይሆናል። ያ ወረቀት ፎቶ ኮፒ ሲደረግ፣ ኮፒውም እንደገና ሲባዛ፣ የክፍልፋዩ ቀጭን መስመር መሐሉ ላይ ይበጠሳል። በየግቢው በር ያሉ የኮፒ ቤቶች የሚያባዙትን ሞጁል የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ከመጀመሪያው ቢያስብበት ተማሪውን ብዙ ድካም ያድነዋል።

መጠኑም አያስፈራ። 8 በ2.5 ሴንቲሜትር የሆነ ቀመር በ600 ሳይጨመቅ ባለ ሙሉ ቀለም ከ3 ሜጋባይት በላይ ነው፣ በግራጫ 1.1 ሜጋባይት ያህል፣ በ1 ቢት 140 ኪሎባይት ገደማ። ሲሲአይቲቲ ግሩፕ 4 በሚባለው መጭመቂያ ደግሞ አንድም ፒክስል ሳይጣል ወደ ጥቂት ኪሎባይት ይወርዳል።

ስካን ስታደርጉም በ600 ጥቁርና ነጭ አድርጉ፣ የጥቁርና የነጭ ድንበር መለኪያውንም ሞክሩት፤ ዝቅ ሲል ቀጭን መስመር ይበጠሳል፣ ከፍ ሲል የ6ና የ8 ቀዳዳ ይደፈናል። ገጹ የቆሸሸ ከሆነ መጀመሪያ በግራጫ ስካን አድርጎ በኋላ ወደ 1 ቢት መለወጥ ይሻላል። ጄቢግ2 የሚባለውን መጭመቂያ «ሎሲ» (ዝርዝር በሚጥለው) መልኩ አትጠቀሙ። የሚመሳሰሉ ቅርጾችን ፈልጎ አንዱን በሌላው ስለሚተካ ምስሉ ሳይደበዝዝ ቁጥሩ ሊለወጥ ይችላል። በ2013 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጀርመናዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ዴቪድ ክሪዝል አንዳንድ የዜሮክስ ስካነሮች 6ን ወደ 8 እየቀየሩ እንደሚያወጡ ያሳየው በዚህ ምክንያት ነበር። በመረጃ ጠረጴዛና በቀመር ላይ እንደዚህ ያለ ስህተት ከመደብዘዝ የከፋ ነው፤ ጥርት ብሎ ስለሚታይ ማንም አይጠረጥረውም። ምስልን «አጥራለሁ» የሚሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎችንም ለቀመር አላምናቸውም፣ ያልነበረ ቅርጽ ይፈጥራሉና።

ከወጣ በኋላ የሚበላሽበት

ሁሉ ነገር ተስተካክሎ ፋይሉ 40 ሜጋባይት ይሆንና ወደ አንድ የመጭመቂያ ድረ ገጽ ይሄዳል። ጎስትስክሪፕት በሚባለው የፒዲኤፍ ማቀነባበሪያ ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ምን እየመረጠ እንደሆነ ማየት ይችላል፦ «ስክሪን» ባለ ቀለምና ግራጫ ምስልን ወደ 72፣ «ኢቡክ» ወደ 150፣ «ፕሪንተር»ና «ፕሪፕረስ» ወደ 300 ያወርዳሉ። ባለ 1 ቢት ምስል ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት 300፣ በኋለኞቹ ሁለት 1200 ይፈቀድለታል። ይህ 1 ቢትን የምመርጥበት ሌላው ምክንያት ነው፤ ሌላ ሰው ፋይሉን በግዴለሽነት ቢጨምቀውም ቀመሩ ይተርፋል። በፎንት የተጻፈ ቀመርን ከእነዚህ አንዱም አይነካውም። ፋይሉን ያከበዱት አብዛኛውን ጊዜ ፎቶዎቹ ናቸው፤ እነርሱን ለይቶ መቀነስ ይቻላል።

ቴሌግራም ላይ ቀመር የያዘ ምስል እንደ ፎቶ ሲላክ ተጨምቆ ጄፔግ ይሆናል። እንደ ፋይል ላኩት፣ ያኔ ሳይነካ ይደርሳል። ከቡድን የወረደ ፎቶን ወደ ሰነድ የሚያስገባ ሰው የተጨመቀውን ይዞ ስለሚጀምር ከዚያ በኋላ ያለው ጥንቃቄ ብዙም አይረዳውም።

ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኩ በፊት ሁለት ነገር ይታይ። ፖፕለር በሚባለው የፒዲኤፍ መሣሪያዎች ስብስብ ውስጥ ያለው «ፒዲኤፍፎንትስ» የፎንቶቹን ዝርዝር ያወጣል፤ «ኢምብ» (የተከተተ) በሚለው ዓምድ ሁሉም «የስ» መሆን አለባቸው፣ ከላቴክ በወጣ ሰነድ ላይ ታይፕ 3 ካለ ደግሞ ወደ ሲኤም-ሱፐሩ ጉዳይ ተመለሱ። ትዕዛዝ መጻፍ የማይፈልግ አክሮባት ላይ ኮንትሮልና ዲ ተጭኖ «ፎንትስ» የሚለውን ይይ። «ፒዲኤፍኢሜጅስ» ከ«ሊስት» ጋር ሲጠራ ደግሞ እያንዳንዱ ምስል ገጹ ላይ በስንት ነጥብ በኢንች እንደተቀመጠና በምን እንደተጨመቀ ይነግራል። ከ300 በታች የሆነ ወይም «ጄፔግ» የሚል መስመር ካለ የገጹን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱና እዩት። አክሮባት ላይ የክፍልፋይ መስመሮች አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ሆነው ከታዩ ግን አትደንግጡ፤ «ኢንሃንስ ቲን ላይንስ» የሚለው የስክሪን ማሳያ ምርጫ የሚያመጣው ነው፣ ሕትመቱን አይነካም።

በኦፍሴት የሚታተም ከሆነ የቀመሩ ጥቁር ንጹሕ ጥቁር ብቻ እንዲሆን ጠይቁ። ከኮምፒውተር ቀለም የተለወጠ ጥቁር በአራቱም ቀለሞች ተደራርቦ ስለሚመጣ የማተሚያ ሳህኖቹ የጸጉር ታህል ቢዛነፉ የትንንሾቹ ምልክቶች ጠርዝ ቀይ ወይም ሰማያዊ ይሆናል። ከዚያ በጣም የተጨናነቀውን ቀመር የያዘውን አንድ ገጽ አሳትሙና፣ ሞጁሉ ፎቶ ኮፒ መደረጉ የማይቀር ከሆነ ያንኑ ገጽ ሁለት ጊዜ አስኮፒ አድርጉ። የሁለተኛው ኮፒ የግርጌ ምልክቶች በክንድ ርቀት ካልተነበቡ፣ ቀመሮቹ በ10 ፖይንት ከሆኑ ወደ 12 ከፍ አድርጓቸው።